«ኢንተርኔት የሌለው አይጫወት» ለተባለው

የፖስታ ቤት ልጅ፦
ትናንት ስለ ግራን ቱሪስሞ 7 (ጂቲ 7) ስናወራ አንዱ «የመኪና ጌም ማለት እሱ ነው፤ ኢንተርኔት የሌለው አይጫወት» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ማንም ምንም አላለውም። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። አዳማ ቁጭ ብሎ እንዲህ ይባላል? መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። መብራቱ ተመልሶ ኔቱ ሳይመለስ የምንቀመጥበት ቀንም ብዙ ነው።

ጌሙ በፈረንጆቹ ማርች 2022 ነው የወጣው። ሲዲውን ገዝተሃል። መቶ ጊጋ አካባቢ ሃርድ ዲስክህ ላይ ጭነሃል። መኪናውም መንገዱም እቤትህ ነው። የምትወዳደረው ከማሽኑ ጋር ነው፣ ሌላ ሰው የለበትም። ኔት ሲቋረጥ ግን ጌሙ ውስጥ ተልእኮ የሚሰጥህ ካፌ ይዘጋል፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ይዘጋል፣ ለፍተህ የሰበሰብካቸው መኪኖች የቆሙበት ጋራዥ ይዘጋል። የሚቀርልህ ሙዚቃ እየሰማህ የምትነዳበት ክፍልና ጥቂት ተራ ውድድር ነው። ለብቻዬ ለምጫወተው ነገር በየቀኑ የማንን ፈቃድ ነው የምጠይቀው?

ጂቲ ብቻ፦
«አንዱ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም እላለሁ። ምክንያቱን ያማውቺ ራሱ፣ የጌሙ ሠሪ፣ ተናግሯል። ሴቭ የተደረገውን ፋይል እየነካኩ የሚያጭበረብሩትን ለመከላከል ነው። ጂቲ 7 ላይ ተወዳድረህ ገንዘብ ታገኛለህ፣ በገንዘቡ መኪና ትገዛለህ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ያገኘውን ሌላው ፋይል ቀይሮ በአምስት ደቂቃ ካመጣው፣ መልፋቱ ምን ዋጋ አለው?

ደግሞ ስለ ጌሙ አንድ ቃል አላልክም። ፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ 5) ላይ ፍሬን ስትይዝ ጆይስቲኩ ጣትህን መልሶ ይገፋዋል። አብዝተህ ከጫንከው ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ሲሠራ እዚያው ጣትህ ሥር ይርገበገባል። ዝናብ ሲያባራ አስፋልቱ ቀድሞ የሚደርቀው ጎማ በሚመላለስበት መስመር ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ ከወጣህ ያንሸራትትሃል። ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ሰርቨር ያስፈልገኛል ካለ አምነዋለሁ።

ማርሽ አምስት፦
ወንድሜ፣ የፍሬኑን ነገር ማን ካደህ? የተጠየቅከው ሌላ ነው። ፍሬኑ የሚርገበገበው ጆይስቲኩ ውስጥ ባለ ሞተር ነው፣ በዋይፋይ አይደለም።

እኔ ያደግኩት በኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ ነው፣ በ2005ቱ። በአሮጌ ላፕቶፕ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪው እስኪያልቅ። ያቺ ብርማና ሰማያዊ ቢኤምደብሊው ኤም3 ጂቲአር መጀመሪያ ላይ በተንኮል ስትወሰድብህ ያልተናደደ ሰው አላውቅም። እሷን ለማስመለስ አሥራ አምስቱን ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ ታሸንፋለህ። ፖሊስ ሲያጣብቅህ የነዳጅ ማደያውን ጣራ ደርምሰህባቸው ታመልጣለህ። ልብ የሚሰቅል ጌም እሱ ነው። ጂቲ 7 ላይ በ200 ግድግዳ ብትመታ መኪናህ ጭረት ይዛ ትቀጥላለች። ስለ እውነተኛነት የምታወሩትን እሱ ላይ ጠይቁ።

ጂቲ ብቻ፦
ያ የሌባና ፖሊስ ጨዋታ ነው፣ ከመንዳት ጋር አይገናኝም። በ300 እየበረርሽ ኩርባ የምትዞሪበት ጌም ነው። የትኛው መኪና ነው እንደዚያ የሚዞረው?

የፖስታ ቤት ልጅ፦
አቦ ሞስት ዋንትድን ተዉት። እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ «ኢንተርኔት የሌለው አይጫወት»። እሱን መልሱልኝ።

ቪትዝ ሾፌር፦
እኔም ልግባ። የምሠራበት መኪና ቪትዝ ነው። ጂቲ 4 ላይ ቪትዝ አለ። በ2004 የወጣ የፒኤስ 2 ጌም ነው፣ ከ700 በላይ መኪና በአንድ ሲዲ፣ ኔት የማይጠይቅ። ከፌራሪው ይልቅ እሷን መንዳት ነው የሚጥመኝ።

ጀርመን ያለውን የኑርበርግሪንግ መወዳደሪያ መንገድ በቪትዝ ያልዞረ ሰው አያውቀኝም። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ኩርባው ከ70 በላይ ነው። ዳገቱ ላይ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬኑን ቀድመህ ካልያዝክ መሪውን ብትጠመዝዘውም አፍንጫዋ እምቢ ይላል፣ ቀጥ ብላ ሣር ውስጥ ትገባለች። ከሞጆ ሰው ሞልቼ ስመጣ እጄ ላይ የሚሰማኝ ያው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ያለ ኢንተርኔት ይህን ከሠሩት፣ አሁን ምን ሆኑ?

ባለ ጌም ቤት፦
ልጆች፣ ከሥራው ያለነውን ደግሞ ስሙን። ጂቲ 7ን ለቤቴ አስገብቼ ነበር። እናንተም ታውቃላችሁ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ፒኤስ 4 ቤት ውስጥ ሲጮህ ሰው ለሰው አይሰማማም። ቬንትሌተር ፊቱ አቁሜ፣ ስታብላይዘር ገዝቼ፣ ሁሉን ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የኔቱን ነገር ነው። ልጁ የሚከፍለኝ በሰዓት ነው። ውድድሩ መሃል ኔት ይቋረጣል፣ ያገኘው ሳይመዘገብለት ይቀራል፣ «ሰዓቴን በላኸኝ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ብሩን እመልስለታለሁ። አጠገቡ ፊፋ የያዙት ሁለቱ ቀና ብለው እንኳ አያዩም፣ ጨዋታቸው ይቀጥላል። አሁን አንድም ሰው የመኪና ጌም ክፈትልኝ አይለኝም። ጌሙ ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እዚህ አገር ላለ ቤት አልተሠራም።

ጂቲ ብቻ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ የኔትወርኩ ጥፋት እንጂ የጌሙ አይደለም። ጌሙ ኔት እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ተናግሯል። አውቀው ነው የገዙት።

የፖስታ ቤት ልጅ፦
እሺ፣ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው እንበል። እንግዲያው ይቺን መልስልኝ። ማርች 2022፣ ጌሙ ከወጣ ወር ሳይሞላው፣ 1.07 የሚባለውን አፕዴት ለቀቁ። ችግር ገጠመውና ሰርቨሩ ከ30 ሰዓት በላይ ተዘጋ። ቶኪዮ ያለውም ለንደን ያለውም ዋናውን ጌም መጫወት አልቻለም። ከማሽን ጋር ብቻውን የሚወዳደረውም ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እነሱ ኔትወርክ አጡ? አንተ «ኢንተርኔት የሌለው አይጫወት» አልክ። ያን ቀን ያለውም አልተጫወተም።

ጂቲ ብቻ፦
ያ በአንድ አፕዴት የመጣ ነገር ነው። ያማውቺ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለተጫዋቾች 1 ሚሊዮን ክሬዲት (የጌሙን ገንዘብ) ሰጡ፣ በሚቀጥለው ወር የውድድሩን ክፍያ ከፍ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ መኪና በነጻ ሲጨምሩ ነው የከረሙት። ይህንንስ ለምን አትቆጥረውም?

ማርሽ አምስት፦
እቆጥረዋለሁ፣ ግን ከመጀመሪያው እንቁጠር። ያ አፕዴት የአንዳንድ ውድድሮችን ክፍያ ቀንሶ ነበር። በዚያው ጊዜ 2 ሚሊዮን ክሬዲት በ20 ዶላር ይሸጣል። 20 ሚሊዮን የሚያወጡ መኪኖች አሉ። ሂሳቡን ሥሩት፣ ለአንድ መኪና 200 ዶላር። ሰው የጮኸው በዚህ ነው። ስለዚህ «ማጭበርበርን ለመከላከል» የሚለው ለእኔ ግማሽ መልስ ነው። ክሬዲቱ በዶላር የሚሸጥ ባይሆን ፋይሌን ብነካው ማንን እጎዳለሁ? የራሴን ጨዋታ ነው የማበላሸው። ከሰው ጋር የሚደረገውን ውድድር በሰርቨር ይጠብቁት፣ ማንም አይቃወምም።

ለእኛ ደግሞ ሌላም አለ። ኢትዮጵያ ፕሌይስቴሽን አካውንት የሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። የሌላ አገር ሰው መስለን ነው የምንከፍተው። ካርዱን ውጭ ያለ ዘመድ ይልካል። አገራችን በሌለችበት ዝርዝር ላይ ተለጥፈን ኔት ጠፋ ብለን ይዘጋብናል። ያበሳጨኝ እሱ ነው።

ጂቲ ብቻ፦
ከሰው ጋር የምወዳደርበት መኪና የሚገዛው ብቻዬን ስወዳደር ባገኘሁት ክሬዲት ነው። አንድ ኪስ ነው። አንዱን ክፍት ትቶ ሌላውን መቆለፍ አይቻልም።

ማርሽ አምስት፦
ሁለት ኪስ ያድርጉት። ከባድ ነው?

ፍራንኮ፦
እስካሁን እያነበብኩ ነበር። እናንተ ኔት ስለሚቋረጥባት ሰዓት ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ለዘለዓለም የሚቋረጥበት ቀን ነው። ዘ ክሩን ታስታውሳላችሁ? የዩቢሶፍት ጌም ነው፣ በ2014 የወጣ። አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትነዳበት። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጉት። በቃ። ሲዲው እጅህ ላይ አለ፣ ብትከተው አይሠራም። ብቻህን እንኳ መንዳት አትችልም። በዚህ ተናደው ነው አውሮፓ ላይ «ጌሞችን መግደል ይቁም» ብለው ፊርማ ማሰባሰብ የጀመሩት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፈርሟል። ጂቲ 7ም አንድ ቀን ይዘጋል። የዚያን ቀን ያ ሁሉ መኪና የት ይገባል?

ጂቲ ብቻ፦
ይሄ ስለ ዩቢሶፍት ነው። የጂቲ ሠሪው ፖሊፎኒ እንደዚያ አላደረገም። ከጂቲ 7 በፊት የወጣው ጂቲ ስፖርትም ኔት የሚፈልግ ጌም ነበር። ጃንዋሪ 2024 ሰርቨሩን ሲዘጉት አስቀድመው አፕዴት ለቀው ብቻህን የምትጫወተውን ክፍል ያለ ኔት እንዲሠራ አደረጉት። ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ ስጋቱ መሠረት የለውም። ታማኝ ሰዎች ናቸው።

የፖስታ ቤት ልጅ፦
ያዝኩህ! ራስህ ነህ ያመጣኸው። አንድ አፕዴት ለቀው ያለ ኔት እንዲሠራ ካደረጉት፣ ይቻላል ማለት ነው። ጂቲ 7ንም ዛሬ ማድረግ ይችላሉ፣ አልፈለጉም። «ኢንተርኔት የሌለው አይጫወት» የሚለው የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ሰው የወሰነው ነው።

ጂቲ ብቻ፦
ሲዘጋ ሌላ ነው። ከተዘጋ በኋላ ከሰው ጋር ውድድር የለም፣ የሚሸጥ ነገር የለም፣ ቢያጭበረብርም ማንንም አይጎዳም። አሁን ውድድሩ በሕይወት እያለ ግን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም።

ማርሽ አምስት፦
«የሚሸጥ ነገር የለም» አልክ። አመሰግናለሁ፣ እኔ ከላይ ያልኩት እሱን ነበር።

ባለ ጌም ቤት፦
እኔ ደግሞ ሌላ ልጠይቅ። ከእኔ ቤት ወጥተው የአባታቸውን መኪና ይዘው ፈጣኑ መንገድ ላይ እንደ ጌም የሚነዱ ልጆች አሉ። 120 የሚል ታፔላ እያዩ ያልፉታል። ይህንንም ንገሯቸው።

ቪትዝ ሾፌር፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። ደግሞ ሞስት ዋንትድ ነው ያበላሻቸው። እኔ በዚያ መንገድ ስመላለስ በቀኝ በኩል ቀድሞኝ የሚሄደው ሁሉ የዚያ ጌም ተማሪ ነው።

ማርሽ አምስት፦
እንዴ! የሰው ጥፋት ወደ ጌም ተዛወረ? እኔ ስጫወተው አድጌ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ በቀኝ ቀድሜ አላውቅም።

ጂቲ ብቻ፦
እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አልስማማም። ጌም ነጂ ያወጣል እንጂ አያበላሽም። ጃን ማርደንቦሮ ጂቲ ሲጫወት የነበረ እንግሊዛዊ ነው። በ2011 ከጌም ተጫዋቾች ነጂ የሚመረጥበትን የጂቲ አካዳሚን ውድድር አሸንፎ እውነተኛ የሩጫ መኪና ላይ ወጣ፣ በ2013 «ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ ተወዳድሯል። ከጌም ወደ ለ ማን! ለዚህ ነው ጂቲን እንደ ትምህርት ቤት የማየው፣ ለዚህ ነው ሕጉ ጥብቅ ይሁን የምለው።

ቪትዝ ሾፌር፦
እሱን ያሠለጠኑት በእውነተኛ መኪና ነው። ጆይስቲክ ይዞ ለ ማን የገባ የለም። ደግሞ በሱ ጊዜ የነበረው ጂቲ 5 ያለ ኔትም ብቻህን ትጫወተው ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያኔ ጥበቃ አልነበረም።

ፍራንኮ፦
ይሄ መልስ ጥሩ ነው።

ጂቲ ብቻ፦
ያኔ ክሬዲት እያባዙ ያጭበረበሩትስ? ጥበቃው የመጣው በእነሱ ምክንያት ነው። ያላጠፋነው አብረን እንከፍላለን፣ አዎ፣ ያሳዝናል። ግን ጌሙን ለመተው ምክንያት አይሆነኝም። ከዚህ የተሻለ መንዳት ያለው ጌም አንድ ጥሩልኝና እሱን ልክፈት።

የፖስታ ቤት ልጅ፦
ማን ተወው አለህ? እኔም እጫወተዋለሁ። ስለምወደው ነው የምናገረው። የመንጃ ፈቃዱን ፈተናዎች በወርቅ ልጨርስ ስታገል ነው ኔቱ የሚሄድብኝ። አንተ ግን «አይጫወት» ብለህ የፈረድከው ጋሼ ላይ ነው፣ ቪትዝ ሾፌሩ ላይ ነው፣ የሰፈርህ ልጅ ላይ ነው። ሶኒ እንኳ እንደዚያ አላለም። «ይቅርታ፣ ማሻሻል አለባቸው» ማለት ምን ይከብድሃል?

ጂቲ ብቻ፦
ማሻሻል አለባቸው አልልም። ኔትወርኩ ይሻሻል እላለሁ።

ማርሽ አምስት፦
ቶኪዮም ኔትወርኩ ይሻሻል? 30 ሰዓቱን አልመለስክም።

ጂቲ ብቻ፦
መልሻለሁ፣ ወደ ላይ ውጡና አንብቡ።

ቪትዝ ሾፌር፦
በቀኝ ስለሚቀድሙት ግን አልጨረስንም። ማርሽ አምስት፣ እስቲ ንገሪኝ፣ ሞስት ዋንትድ ላይ ፍሬን የምትይዢበት ቦታ አንድ ጥሪልኝ።