ማዘዣ ወረቀት ላይ ያለችው እግሯ የተሰረዘ «አር» ግስ ናት ወይስ ስም?

ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ትናንት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የልጅ ልጃቸውን የእከክ ቅባት ማዘዣ ይዘው መጡ። ወረቀቱን ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከመድኃኒቱ ስም በላይ ያለችውን ፊደል በጥፍራቸው እየነኩ፣ «ይቺ እግሯ በሰያፍ የተሰረዘች አር ምን ትላለች?» አሉኝ። «የላቲን ቃል ምህጻር ናት» አልኳቸው። «ግስ ነው ስም? ግስ ከሆነስ እንዴት ይረባል?» ብለው ያዙኝ። ከኋላቸው ሰልፍ አለ! ላቲን የሚያውቅ ካለ ትርጉሙን፣ ምንጩንና እርባታውን ቢያስረዳኝ እወዳለሁ።

ታሪክ ወዳድ

ቃል አይደለችም። የጁፒተር ምልክት ናት፤ የጥንት ሐኪሞች መድኃኒቱ እንዲሠራ አምላካቸውን የሚጠሩባት ናት ሲባል ሰምቻለሁ።

የቀድሞ የሚሲዮን ተማሪ

እህቴ፣ የጁፒተሩን ነገር ተይው፤ ጆሮ ስለሚጥም ብቻ የሚዞር ወሬ ነው። በብራና ዘመን የላቲን ጸሐፊዎች ቃል ሲያሳጥሩ የፊደሉን እግር በሰረዝ ይቆርጡ ነበር። የተቆረጠው ቃል «ሬኪፔ» ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አነባበብ «ሬቺፔ» ይባላል።

ግስ ነው፤ ያውም ትእዛዝ። «ውሰድ» ወይም «ውሰጂ» ማለት ነው፤ ላቲን በዚህ ቦታ ወንድና ሴት አይለይም። ብዙ ሰው የሚስተው፣ ትእዛዙ ለታማሚው የተሰጠ መስሎት ነው። የታዘዝሽው አንቺ ነሽ! መድኃኒት በፋብሪካ ታሽጎ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሙ ቀማሚውን «ከሰልፈር ይህን ያህል፣ ከቅባቱ ይህን ያህል ውሰድ» ይለው ነበር። ስለዚህ መጠኑ ተሳቢ ሆኖ ሲጻፍ የመድኃኒቱ ስም በአገናዛቢ መልክ ይጻፋል፤ «ሱልፉር» ሳይሆን «ሱልፉሪስ»። ቀጥሎ «ሚስኬ» ይመጣል፤ «ቀላቅል» ማለት ነው።

ምንጩን ከጠየቅሽ፣ «ሬ» የሚለው ቅጥያ «ካፒዮ» ላይ ተጨምሮ ነው። ካፒዮ «እይዛለሁ፣ እጨብጣለሁ» ማለት ነው። ከፊቱ ቅጥያ ሲገባ «ካ» ወደ «ኪ» ይሳሳል፤ ሬኪፒዮ። ክፍለ ቃሉ በተነባቢ ሲዘጋ ግን «ኬ» ይሆናል፤ ሬኬፕቱም። የእንግሊዝኛው «ሃቭ» ከካፒዮ ጋር አንድ ሥር አለው፤ በጀርመናውያን ቋንቋዎች የጥንቱ «ክ» ወደ «ህ» ተለውጧልና። የላቲኑ «ሃቤሬ» በትርጉምም በድምፅም «ሃቭ»ን ይመስላል፤ ዘመዱ ግን አይደለም። በዚህ ስንት ሰው ሲከራከር አይቻለሁ።

ለመምህሩ እርባታውን እንዲህ ጻፊላቸው። መሠረቶቹ አራት ናቸው፤ ሬኪፒዮ፣ ሬኪፔሬ፣ ሬኬፒ፣ ሬኬፕቱም፤ እወስዳለሁ፣ መውሰድ፣ ወሰድኩ፣ የተወሰደ። የአሁኑ ጊዜ፦ ሬኪፒዮ፣ ሬኪፒስ፣ ሬኪፒት፣ ሬኪፒሙስ፣ ሬኪፒቲስ፣ ሬኪፒዩንት። ከሦስተኛው የግስ ምድብ ነው፤ ግን መጨረሻው ላይ «ሬኪፑንት» በማለት ፈንታ እንደ አራተኛው ምድብ «ሬኪፒዩንት» ይላል። ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ እኛም በዚሁ ስንት ጊዜ ተገርፈንበታል። ትእዛዙ ለአንድ ሰው ሬኪፔ፣ ለብዙ ሰው ሬኪፒቴ።

ከቅኔ ቤት

መምህሩ ግእዝ የቀመሱ ከሆነ በአንድ መስመር ይገባቸዋል፤ ነሥአ፣ ይነሥእ፣ ይንሣእ፣ ንሣእ። ሬኪፔ ማለት ንሣእ ነው። በግእዝ ግን ለሴት «ንሥኢ» እንላለን፤ ላቲን ይህን ካልለየ ድሃ ቋንቋ ነው።

የቀድሞ የሚሲዮን ተማሪ

ድህነቱን በሌላ ያካክሳል፣ ወንድሜ፤ ስሙን ባለቤት፣ ተሳቢ፣ አገናዛቢ እያለ በስድስት ሙያ ያረባዋል። ምሳሌህ ግን አስደስቶኛል። በቅዳሴ «ንሥኡ ብልዑ» በሚባልበት ቦታ የላቲኑ ቅዳሴ «አኪፒቴ» ይላል። እሱም ከዚሁ ከካፒዮ የወጣ ነው፤ የተለወጠው ቅጥያው ብቻ ነው።

ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከታች በኩል «ሲግ» ብለው ጽፈው «ቲ አይ ዲ» የሚሉትስ? እነሱም ትእዛዝ ናቸው?

የቀድሞ የሚሲዮን ተማሪ

«ሲግ» አዎ፤ «ሲግና» ነው፣ «ምልክት አድርግ» ማለት። አወሳሰዱን በዕቃው ላይ ጻፊ ማለታቸው ነው። ከመጀመሪያው ምድብ ስለሆነ ትእዛዙ በ«ኣ» ይጨርሳል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው በ«ኤ»፣ የአራተኛው በ«ኢ»። «ቲ አይ ዲ» ግን «ቴር ኢን ዲዬ» ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እዚያ ውስጥ ግስ የለም፤ መምህሩ ቢጠይቁሽ እንዳትፈልጊላቸው።