የ«ፕላኔት ኦፍ ዚ ኤፕስ» አዲሶቹ ፊልሞች ወደ 1968ቱ ፊልም ያደርሳሉ ወይስ ሌላ መንገድ ናቸው?

የጅሬን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ከታች የምጽፈው የፊልሞቹን ፍጻሜ ስለሚገልጥ ያላያችኋቸው ብትኖሩ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዲሶቹን ፊልሞች የጀመረውን፣ በ2011 የወጣውን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ጅማ መርካቶ አጠገብ ከነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነበር። አብዛኛው ተመልካች የገባው ለመሳቅ ነው፤ ልብስ የለበሰ ቺምፓንዚ ማየት ያስቃልና። ሲዛር የተባለው ቺምፓንዚ በእንስሳት ማቆያው ውስጥ ሊመታው የተነሣውን የጠባቂውን እጅ ጨብጦ የመጀመሪያ ቃሉን ሲጮህ ግን ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «እምቢ አለ!» ሲል ሰማሁት። ለዚያ ትዕይንት እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ከ1968 እስከ 1973 የወጡትን አምስቱን የቀድሞ ፊልሞች ያገኘኋቸው ከዓመታት በኋላ፣ በፍላሽ ተገልብጠው ነው። በ1971ዱ ፊልም ውስጥ ኮርኔሊየስ የተባለው ቺምፓንዚ በወገኖቹ የተቀደሰ ጥቅልል ላይ ስለተጻፈ አንድ ታላቅ ቀን ይተርካል፤ አልዶ የተባለ ከመካከላቸው ተነሥቶ፣ ሰዎች ቁጥር ስፍር ለሌለው ጊዜ ሲጮኹበት የኖሩትን ያንኑ «እምቢ» የሚል ቃል መልሶ የተናገረበት ቀን ነው። ያን ስሰማ ፊልሙን አቁሜ ጥቂት ተቀመጥኩ። እኛን ጸጥ ያሰኘን ትዕይንት ከአርባ ዓመት በፊት በአፈ ታሪክ መልክ ተነግሮ ኖሯል። አዲሶቹ ፊልሞች አሮጌዎቹን አፍርሰው የተሠሩ ሳይሆኑ፣ አሮጌዎቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉትን ወስደው ያሳዩ እንደሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቅሬታዬ ግን አልቀረም። በ1968ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ጠፈርተኛው ቴይለር በባሕር ዳርቻ በአሸዋ የተዋጠውን የነጻነት ሐውልት ሲያይ፣ እንግዳ ያለው ፕላኔት የራሱ ምድር መሆኑን፣ በቦምብ ያጠፏትም የገዛ ወገኖቹ መሆናቸውን ያውቃል፤ ተንበርክኮም ይራገማል። ጥፋቱ ሰው በገዛ እጁ ያመጣው ነበር። በአዲሶቹ ፊልሞች ግን የሰው ልጅ የሚያልቀው ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ሲፈለግ ከቤተ ሙከራ ባመለጠ ቫይረስ ነው። ይህ በእኔ አስተያየት የሰውን በደል ወደ አደጋ ዝቅ ያደርገዋል። በ2024 የወጣው አራተኛው ፊልም ደግሞ ሲዛር ከሞተ ከብዙ ትውልድ በኋላ የሚጀምር በመሆኑ፣ ታሪኩ ወደ ቴይለር እያመራ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ? ቅሬታዬስ ተገቢ ነው? (በ2001 የወጣውን የቲም በርተንን ፊልም ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ሜካፑን አደንቃለሁ፣ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።)

ከፈረንጅ አራዳ፦

አያደርሱም። ምክንያቱም የቀድሞዎቹ አምስት ፊልሞች ታሪክ ቀጥ ያለ መንገድ ሳይሆን ክብ ነው። ቴይለር በጠፈር መርከቡ ሰዓት 3978 ዓ.ም. ላይ ይደርሳል፤ በ1970ው ፊልም መጨረሻ ምድር በቦምብ ትጠፋለች፤ ከጥፋቱ ያመለጡት ኮርኔሊየስና ሚስቱ ዚራ በዚያው በቴይለር መርከብ ወደ ኋላ ተጉዘው በ1973 ዓ.ም. ይወርዳሉ፤ እዚያ የወለዱት ልጅ አድጎ ሲዛር ይባላል፤ በ1991 ዓ.ም. ሰዎች ባሪያ ያደረጓቸውን የወገኖቹን አመፅ የሚመራውም እርሱ ነው። ስለዚህ አመፁን ያመጣው ከአመፁ በኋላ ከተፈጠረ ዓለም የመጣ ልጅ ነው። አዲሱ ሲዛር ግን ከወደፊት የመጣ ወላጅ የለውም፤ ብልህነቱን የወረሰው በሙከራ መድኃኒት ከተወጋች እናቱ ነው። ክቡ እዚህ ላይ ተቆርጧል፤ የተቆረጠ ክብ ደግሞ ወደ ተነሣበት አይመለስም።

ይህን ስል ግን ፍንጮቹን አልክድም። በ2011ዱ ፊልም ውስጥ ኢካረስ የተባለች መንኮራኩር ወደ ማርስ ስትመጥቅ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ቆይቶም ጋዜጣው በጠፈር ጠፍታ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። የሲዛር እናት የምትጠራበት «ብሩህ ዓይን» የሚለው ስም በ1968 ዚራ ለቴይለር ያወጣችለት ነው። በ2017ቱ ፊልም ቫይረሱ ተለውጦ ሰዎችን ዲዳ ማድረግ ይጀምራል፤ በ1968ቱ ፊልም እንዳለችው ዲዳ ሴት ኖቫ የምትባል ልጅም ትገኛለች። ስለዚህ አንድ ቀን አንዲት መርከብ ከሰማይ ብትወርድ አይገርመኝም። የምትወርደው ግን በዚያ በአሮጌው ታሪክ ውስጥ አይደለም።

የሆስፒታል ተረኛ፦

ስለ ቅሬታው ብቻ ልናገር፤ በጤና ሙያ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ «አደጋ» የሚለው ቃል ስለቆረቆረኝ ነው።

ፊልሙን እንደገና ይመልከቱት። የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ኤ.ኤል.ዜድ. 112 የተባለው፣ በቫይረስ ተሸክሞ ወደ አንጎል የሚደርስ ነው። ቫይረስን እንደ ማጓጓዣ መጠቀም የፊልም ፈጠራ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በጂን ሕክምና ውስጥ በእውነት የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ችግሩም ፊልሙ እንዳሳየው ነው። የተመራማሪው የዊል አባት መድኃኒቱን ወስደው ለጥቂት ዓመታት ከተሻላቸው በኋላ፣ ሰውነታቸው ቫይረሱን የሚዋጋ መከላከያ በማበጀቱ በሽታው ተመልሶ ይይዛቸዋል። ሁለተኛው፣ ኤ.ኤል.ዜድ. 113፣ የተሠራው ይህን መከላከያ እንዲያልፍ ተጠናክሮ፣ በጋዝ መልክ ነው። ዊል በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አናውቅም፣ እንቆይ ሲል፣ የኩባንያው ኃላፊ ገበያው ታይቶት ሙከራው እንዲፋጠን ያዛል። የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ለጋዙ ተጋልጦ ከታመመ በኋላም ያስቆመው የለም። ይህ እያወቁ መቸኮል እንጂ አደጋ አይደለም። ዊልም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ አባቱን ለማዳን ሲል ያልተፈቀደ መድኃኒት ሰርቆ ቤቱ ወስዷል። እኔ እዚያ ትዕይንት ላይ ልፈርድበት አልቻልኩም፤ የመርሳት ሕመም ያለበት አባት ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ይረዳኛል።

ደግሞም ቫይረስ በአሮጌዎቹ ውስጥ አልነበረም እንዳይሉኝ። በ1972ቱ ፊልም ውሾችንና ድመቶችን ሁሉ የፈጀው ወረርሽኝ ነው፤ ሰዎች በእነርሱ ምትክ ቺምፓንዚዎችንና ዘመዶቻቸውን ማሳደግ ጀመሩ፣ ከዚያም አገልጋይ አደረጓቸው። አዲሶቹ ፊልሞች ያንን ወረርሽኝ ከቤት እንስሳት ላይ አንሥተው በእኛ ላይ አዞሩት። በኮሮና ጊዜ ጭንብል አድርጌ ተረኛ ሆኜ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ሳስብ፣ ከቦምቡ ይልቅ ይኼኛው ይቀርበኛል።

ከአጋሮ መንገድ፦

ወንድሞቼ፣ ስለ በደሉ የተባለውን ሰምቻለሁ፤ የእኔ ነገር ግን ከስሙ ይጀምራል። በእኛ አካባቢ ተራኪዎች የትርጉም ፊልሙን ሲያቀርቡ «ዝንጀሮው» ወይም «ጦጣው» እያሉ ነው። ዝንጀሮም፣ ጦጣም፣ ጉሬዛም ጭራ አላቸው፤ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን ግን ጭራ የላቸውም፤ በሀገራችንም ጫካ ውስጥ አይኖሩም። ለእነዚህ ጭራ አልባ ወገኖች በአንድነት የምንጠራበት የተለመደ የአማርኛ ቃል የለንም። ስለዚህ ተራኪውን አልወቅሰውም፤ ይሁንና በሰፈራችን በቆሎ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ዝንጀሮ ሲባል የሚታየው ሌላ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ወንጭፍ ይዤ ማማ ላይ እውል ነበር። ጦጣ መጀመሪያ አንዷን ትልካለች፤ እርሷ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ስትታከክ፣ ስትዘልና ስታስቅህ፣ ሌሎቹ ከኋላህ ገብተው እሸቱን ይጨርሱታል። በ2014ቱ ፊልም የሲዛር ባልደረባ የነበረው ኮባ በሁለቱ የታጠቁ ሰዎች ፊት እንደ ሰርከስ እንስሳ እየተንከባለለ ሲያስቃቸው፣ መጠጣቸውን ሲጠጣ፣ ከዚያም ሳቃቸው ሳያልቅ መሣሪያቸውን አንሥቶ ሲገድላቸው፣ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ሲደነግጡ እኔ ብቻ አልደነገጥኩም። ያቺን ጦጣ አውቃታለሁ። ኮባን ቶቢ ኬቤል፣ ሲዛርን ደግሞ አንዲ ሰርኪስ ተጫውተውታል፤ እንቅስቃሴያቸውና የፊታቸው ስሜት በካሜራ ተመዝግቦ በላዩ የእንስሳው ቆዳና ጸጉር በኮምፒውተር ተሠርቷል። በ1968 የጆን ቻምበርስ ሜካፕ ልዩ ኦስካር ሲያሸልም፣ እነዚህ አራት ፊልሞች በምስል ቅንብር አራቱም ለኦስካር ታጭተው አንዳቸውም አላሸነፉም። ቅሬታ ካነሣን ይኼ ይነሣ!

የትኛውን አስቀድሞ ማየት ይሻላል ለሚል ሰው ደግሞ መልሴ ዝንጀሮ እሾህ ሲነቅሉላት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው ነው። የ2011ዱን አስቀድሙ፤ ሌላው ሁሉ የሚቀመጠው በእርሱ ላይ ነው።

የጅሬን ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ክቡ የተነገረውን ተቀብያለሁ፤ ወዳጆቼንም በዚሁ እሞግታቸዋለሁ። ስለ በደሉ የተረኛዋ ወይም የተረኛው ማብራሪያ ግማሽ ብቻ አሳምኖኛል፤ ኩባንያው መቸኮሉ እውነት ነው፣ ነገር ግን በ1968 ቴይለር የረገመው አንድን ኃላፊ ሳይሆን ሁላችንንም ነበር። ያን የሚያህል እርግማን በአዲሶቹ ውስጥ የሰማሁት ከሰው አይደለም። በ2024ቱ ፊልም ንጉሥ ነኝ ባዩ ፕሮክሲመስ የሲዛርን ቃል ለራሱ አገዛዝ ሲያጣምመው፣ አዛውንቱ ኦራንጉታን ራካ ደግሞ ያንኑ ቃል በትክክል ለማቆየት ሲደክም ሳይ፣ በደሉ ወደ እነርሱም መሻገሩን አየሁ፤ ቅሬታዬም እዚያ ላይ ትንሽ ቀለለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ ከ2011ዱ ጀምረን እናያለን። ተራኪ የሌለበትን ቅጂ አግኝቻለሁ። «እምቢ» የሚለውን ግን እኔው እተረጉምለታለሁ።