የኮንዶሚኒየም ግሩፓችን ላይ ስማችን ጠፋ

እኔና እህቴ ከቤይሩት ተመልሰን አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይተናል። ሆቴል የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ንጋት ላይ ነው የምገባው። የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን «አረብ አገር የኖሩ ላጤዎች፣ ሥራቸው የማይታወቅ» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ቆሻሻ ቢገኝም፣ ውሃ ቢጠፋም ጣት ወደ እኛ ነው። (ውሃውንም የምንዘጋው እኛ ነን መሰለኝ!) የሥራ መታወቂያዬን ለጠፍኩ። «ማን ጠየቀሽ?» ተባልኩ፤ ቀጥሎ እንዳልጽፍ ተዘጋብኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ተይው፣ ይረሳል» አሉኝ። አሁን አከራያችንም «ሰው እያወራ ነው፣ ቤት ፈልጉ» ማለት ጀምረዋል። ውላችን በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የ2 ዓመት ነው፤ ወረዳም ተመዝግቧል። ስለዚህ መባረሩ ብዙም አያሳስበኝም፤ ወሬው ነው ያንገፈገፈኝ። ጠብ ሳላነሳ ይህን ለማስቆም ከየት ልጀምር፦ የጻፈችውን ሴትዮ ፊት ለፊት ላናግራት፣ ለኮሚቴው ደብዳቤ ላስገባ ወይስ በቀጥታ ወረዳ ልሂድ?