የመኪናዬ የኋላ ቀበቶ እንቁላሌን ፈጀው፣ ምን ላድርገው?

የቧንቧ ውሃዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ማክሰኞና አርብ ማለዳ ኮምቦልቻ ወርጄ እንቁላል፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኜ እመለሳለሁ። መኪናዋ የ2004 ራቭ ፎር ናት። የኋላ ወንበሮቹን አጥፌ ወደፊት ስገለብጣቸው ቦታው ይሰፋል፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ያስቸገሩኝ ቀበቶዎቹ ናቸው። ወንበሩ ሲገለበጥ እነሱ አብረው አይሄዱም። ግራና ቀኝ እንደ ሐረግ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

ባለፈው አርብ የሆነውን ልንገራችሁ። የጫንኩት 12 ትሬ እንቁላል ነበር፣ በየትሬው 30። ሱቁ ደጅ ደርሼ የኋላውን በር ከፈትኩና ከላይ ያሉትን ሁለት ትሬዎች ሳብኩ። ለካ የቀበቶው ብረት ምላስ የላይኛው ትሬ ጥግ ላይ ተሰክቷል። ስስብ ቀበቶውም ተከተለኝ። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለ። እኔ ግን አላቆምኩም። አንዱ ትሬ እጄ ላይ ቀረ፣ ሌላው ኮብልስቶኑ ላይ። ጎረቤቴ ብቅ ብላ "ዛሬ ፍርፍሩ መንገድ ላይ ሆነ እንዴ?" አለችኝ። ከ30ው የተረፉት 4 ናቸው።

ጋራዥ ወስጄ ሳሳየው ልጁ "ቆርጠን እንጣለዋ፣ ኋላ ማን ያስረዋል?" አይለኝም! ልጆቼ ናቸዋ የሚያስሩት። እሁድ እሁድ ሁለቱንም ይዤ ሐይቅ የምወርደው በዚችው መኪና ነው። ስለዚህ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። ማክሰኞና አርብ ዞር የሚልልኝ፣ እሁድ ደግሞ ቦታው ላይ የሚገኝ ዘዴ ነው የምፈልገው። ፕላስቲኩ እንዲበሳብኝም አልፈልግም።

ሁለተኛ ማርሽ

ወንበሮቹን ለምን ጭራሽ አታወጫቸውም? የዚያ ሞዴል ወንበር ተፈትቶ ይወጣል። የኔ በረንዳ ላይ ነው ያለው፣ እንግዳ እቀበልበታለሁ።

የቧንቧ ውሃዋ

ወንድሜ፣ ወንበሩ ቢወጣም ቀበቶው እዚያው ነው። የታሰረው ከመኪናው አካል ጋር እንጂ ከወንበሩ ጋር አይደለም። ደግሞ ያንን ሁሉ ወንበር በሳምንት ሁለቴ ተሸክሜ ደረጃ ልወጣ?

ጋሼ ሐረጎ

ልጄ፣ ሐረጎን፣ ያችን የኮምቦልቻና የደሴ ዳገት፣ 30 ዓመት ወጥቻታለሁ፣ ወርጃታለሁ። ስሜንም ያወጡልኝ ተሳፋሪዎች ናቸው። ያ "ቀጥ" ያለብሽ ነገር ብልሽት አይደለም። ቀበቶው የሚጠቀለልበት ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት መቆለፊያ አለ። አንደኛው ቀበቶው በኃይል ሲሳብ ይይዛል። አንቺን የያዘሽ እሱ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ትንሽ የብረት ኳስ ናት። መኪናው ክፉኛ ፍሬን ሲይዝ ወይም ሲያጋድል ኳሷ ከተቀመጠችበት ጎድጓዳ ትንከባለልና መቆለፊያውን ታነሳለች። የአውሮፓው ደንብ መኪናው እስከ 12 ዲግሪ ቢያጋድል ቀበቶው መቆለፍ የለበትም ይላል። ከ27 ዲግሪ ካለፈ ግን መቆለፍ አለበት። በመሀል ያለው እንደ መኪናው ነው። የደሴን ዳገት አንቺው ታውቂዋለሽ። አንዱን ጎማ ድንጋይ ላይ ሰቅለሽ ካቆምሽ ቀበቶው እንቢ ቢልሽ አይግረምሽ። አትታገይው። ትንሽ ወደ ውስጥ ልቀቂለትና ቀስ ብለሽ ሳቢው። እንቢ ካለ ሜዳ ፈልጊ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከጎን ያለውን ፕላስቲክ በእጅሽ ዳብሺው። ብዙ መኪና ላይ ምላሱ የሚሰካባት ቀጭን ክፍተት ወይም ቀበቶው የሚያልፍባት መንጠቆ አለች። ሰው አያያትም እንጂ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ከሌለች በለስላሳ ነገር ወደ ላይ እሰሪው። ራሱን ቀበቶውን ግን እንዳትቋጥሪው፣ ቋጠሮ ክሩን ይጎዳዋል።

ከሁሉ የምፈራልሽ እሁድ ጠዋት ነው። ወንበሩን ስትመልሺ ቀበቶው ከጀርባው እንዳይቀር። እኔ አንድ ጊዜ ተቻኩዬ የወንበሩ መቆለፊያ ቀበቶውን ነክሶት ጠርዙ ተተልትሏል። ቀየርኩት። የተተለተለ ቀበቶ አይሰፋም። ወንበሩን ከመለስሽ በኋላ ጀርባውን ያዥና ነቅንቂው፣ ካልተነቃነቀ ተቆልፏል።

በርበሬ ወንዝ

ከኮምቦልቻ ነኝ። እኔ ማግኔት ገዝቼ ሞክሬ ነበር። ፕላስቲክ ላይ ማግኔት! ሚስቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ግን እህቴ፣ አትቀየሚኝና ጥፋቱ የቀበቶው ብቻ አይመስለኝም። አጫጫንሽም አለበት። ከኛ ከተማ እናንተ ጋ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፣ ያውም በጥምዝምዝ። በዳገት ዕቃ ወደ ኋላው በር ይንሸራተታል፣ በየኩርባው ደግሞ ወደ ጎን። እንቁላሉ ከቀበቶው ስር የገባው ያኔ ነው። እንቁላሉን ከፊት፣ ከተገለበጠው ወንበር ጋር አስጠጊው። የሽንኩርቱን ጆንያ በበሩ በኩል አድርጊው፣ ይደግፍልሻል። ቀበቶውን ደግሞ በከመነዳሪ ቁራጭ እሰሪው፣ ነጻ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ

የአጫጫኑ ነገር እውነት ነው፣ ሽንኩርቱን ከፊት ነበር የማደርገው። ከመነዳሪ ግን ቀበቶውን ያጠቁራል። የልጆቼ የእሁድ ልብስ ነጭ ነው።

እሙ ሀያት

አብሽሪ፣ መላው ራስሽ ላይ ነው ያለው። የፀጉር ላስቲክ! ያንን በጨርቅ የተሸፈነውን ወፍራሙን። ምላሱን በቀበቶው ላይ ወደ ላይ ግፊው። ላስቲኩን ከምላሱ በታች በቀበቶው ዙሪያ አዙሪና አንዱን ጫፍ በሌላው ውስጥ አሾልኪው። የቀረውን ጫፍ ከኋላው የጎን በር በላይ ያለችው እጀታ ላይ አጥልቂው። አይበሳ፣ አይቋጠር። ለመፍታት አንድ ጣት ይበቃል። እኔ የልጄን ጋሪ የምጭነው እንዲህ አድርጌ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ

ተመለስኩ። ማክሰኞ እንዳላችሁኝ አደረግኩ። ጋሼ ያሉት ክፍተት የኔ መኪና ላይ የለም፣ ሁለቱንም ጎን በባትሪ ፈትሻለሁ። ላስቲኩ ግን ሠራ። ሁለት ጥቁር ላስቲክ፣ አንድ ለግራ አንድ ለቀኝ። ሽንኩርቱ በሩ ጋ፣ እንቁላሉ ከፊት። ሐረጎን ስወጣ ለካ ያ ሁልጊዜ ከኋላ የምሰማው "ቃ ቃ ቃ" የምላሱ ድምፅ ኖሯል! እኔ ሾክ አብዞርበር መስሎኝ ለማስቀየር ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነበር። 12ቱም ትሬ በሰላም ገባ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የቀኙ ቀበቶ ስለቀው ወደ ውስጥ የሚገባው እየተጎተተ ነው። በርበሬም የምጭንበት ጊዜ ስላለ ቡን ያለ ነገር ይዞታል።

ጋሼ ሐረጎ

ቆሻሻ ነው። እስከ መጨረሻው ሳቢውና እንዳይመለስ ከላይ በልብስ መቆንጠጫ ያዥው። ለብ ባለ ውሃና በቀላል ሳሙና በጨርቅ አሺው። በረኪና እንዳይነካው፣ ክሩን ያደክመዋል። እርጥቡን አትልቀቂው፣ እንደተሳበ ጥላ ውስጥ ይደር። ከታጠበም በኋላ ከተጎተተ መጠቅለያው ይታይ።

የቧንቧ ውሃዋ

አጥቤው አደረ፣ አሁን ሽው ብሎ ይገባል። ውሃው ቀይ ሆኖ ነው የወጣው፣ ወጥ ይሠራ ነበር።

እሁድ ሐይቅ ደርሰን ተመለስን። ቀበቶው ቦታው ላይ፣ ልጆቹም ታስረው። ዛሬ ማለዳ ልወርድ ስል ግን አንዱ ላስቲክ የለም። ብፈልግ ባስፈልግ የለም። ለካ ትልቋ ልጄ ፀጉሯን አስይዛበት ትምህርት ቤት ሄዳለች። የቀኙን በነጠላዬ ጫፍ አስሬ ነው የወረድኩት።