ጅማ ላይ ታች ሱቅ ላይ መኖሪያ ጂ+4 ልንሠራ ነው፣ ሰው እንዲገባበት ምን እናድርግ?

የሄርማታ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እኔና ወንድሞቼ ከአባታችን የወረስነው ቦታ አለን፣ ከሄርማታ ብዙም ሳይርቅ አስፋልት ዳር፣ ፊቱ ወደ 30 ሜትር ይሆናል። ጂ+4 አስበናል፣ ታች ሱቅ፣ አንደኛ ፎቅ ቢሮና ክሊኒክ ምናምን፣ ከዛ በላይ መኖሪያ፣ እናታችንም እዛው ትኖራለች። ዲዛይኑ ስታየው ያምራል፣ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት፣ ከመንገዱ ስድስት ደረጃ ወጥተህ በአንድ ትልቅ በር ትገባለህ፣ ሱቆቹ ውስጥ ለውስጥ ኮሪደር ላይ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፣ ወደ መንገድ የሚያዩት ሁለት ብቻ ናቸው እነሱም ለባንክ የታሰቡ። ፊት ለፊቱ በሙሉ ፓርኪንግ ነው።

የጨነቀኝ ግን እንደዚህ ተሠርተው የውስጥ ሱቆቻቸው ተቆልፈው የቀሩ ሕንፃዎች አይቻለሁ፣ ደጃቸው ላይ ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠው ሰው ደግሞ ገበያው ደርቶለት ይውላል። ወንድሞቼ ዘመናዊ ይሁን ነው የሚሉት፣ እኔ ሰው የሚገባበት ይሁን ነው። የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ።

አርክ፦
ወንድሜ እንኳን አሁን ጠየቅክ፣ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ብትመጣ ምንም ማለት አይቻልም ነበር። ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

ሰው በእግሩ ሲሄድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዛ አካሄድ የሚያየው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መስታወት ሳይሆን አጠገቡ ያለውን በር፣ የተሰቀለውን እቃ፣ ባለሱቁን ነው። ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል ይሄንኑ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፣ ጥሩ የገበያ መንገድ የሚለው በ100 ሜትር ውስጥ ከ15 እስከ 20 በር ያለውን ነው። ያንተ 30 ሜትር ላይ አምስት ስድስት ጠባብ ሱቅ ወደ መንገድ ይወጣል ማለት ነው፣ ጥልቀታቸውን ጨምርላቸው እንጂ ፊታቸውን አታስፋው።

የተዘጋው ሞል ከየት መጣ ካልክ፣ ቪክቶር ግሩን የሚባል ከቪየና አሜሪካ የተሰደደ አርክቴክት በ1956 እ.ኤ.አ. ሚኒሶታ ላይ ሳውዝዴልን ሠራ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ነው ምክንያቱም የዛ አገር ክረምት በረዶ ነው፣ ገዢውም የሚመጣው በመኪና ነው። ሰውዬው ዙሪያውን መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ፓርክ ያለው ሰፈር ነበር ያሰበው፣ የተሠራው ግን ሞሉና ፓርኪንጉ ሆነ፣ በኋላ ራሱ እንዲህ ያሉትን ሞሎች በአደባባይ ክዷቸዋል። ጅማ በረዶ የለም፣ ገዢህም በእግሩና በባጃጅ ነው የሚመጣው፣ ታዲያ ለምን ብላችሁ ነው ጀርባችሁን ለመንገዱ የምታዞሩት?

ዝናቡ ግን አለ፣ ለሱ መልሱ በረንዳ ነው። የምድሩን ግድግዳ ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው፣ ከላይ ያለው ፎቅ ግን ኮለን ላይ ወጥቶ ይሸፍነው፣ ስለዚህ ፎቁ ላይ ምንም ካሬ አታጣም። ስድስቱን ደረጃም አስቀረው።

ቡቲክ፦
እኔ ነጋዴ ነኝ ወንድሜ፣ የሚያምረውን ፎቅ ውስጡን ጠይቀኝ። አንድ ሕንፃ ውስጥ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሱቅ ተከራይቼ ነበር፣ ልብስ ነው የምሸጠው፣ መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ይላል፣ ደንበኛዬ ቀሚሱን ይዛ እስከ ዋናው በር ድረስ ሄዳ ነበር ቀለሙን የምታየው፣ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ እዛ ካልደረሰች አታውቅም፣ እዛ ከደረሰች በኋላ ደግሞ ስንቷ ትመለሳለች። ጀነሬተሩም ለባንኩ ነው እንጂ ለኛ አይነሳም። አሁን በረንዳ ያለው መንገድ ዳር ሱቅ ገባሁ፣ ጠባብ ነው ኪራዩም ከበፊቱ ይበልጣል ግን አልሐምዱሊላህ ይሠራል። ጅማ እኮ ከመጋቢት ጀምሮ ነው የሚዘንበው፣ ዝናቡ ድንገት ዱብ ሲል ሰው ሁሉ በረንዳዬ ላይ ይጠለላል፣ ቆሞ ምን ያደርጋል፣ እቃ ያያል፣ ይሄ ስንት ነው ይላል።

ደሞ የጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ቦታ ስጧት እባካችሁ። ጥግ ላይ ውሃና የፍሳሽ መስመር ካለ፣ አምስት ስድስት በርጩማ ከያዘ በቃ፣ እሷ ያለችበት በር አይደርቅም። ለሰላት የሚሆን ትንሽ ክፍልና የውዱእ ቦታም አስቡበት፣ አዛን ባለ ቁጥር ሱቅ ዘግቶ የሚሄደው ነጋዴ እዛው ሰግዶ ይመለሳል።

ብር ቆጣሪ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን መሬቱ በሊዝ፣ ሲሚንቶውና ብረቱ እንደምታዩት፣ የባንክ ብድር አለ፣ ከምድር ቤት ሦስት ሜትር ለመንገደኛ መልቀቅ ማለት በጣም የሚከራየውን ካሬ መጣል ነው። ባንክ ደግሞ ቅድሚያ ይከፍላል፣ አስተማማኝ ነው፣ አምስት ትናንሽ ነጋዴ እያሳደዱ ኪራይ ከመሰብሰብ ይሻላል።

አርክ፦
ብር ቆጣሪ ልክ ነህ ባንክ ይከፍላል፣ ባንክ አይግባ አላልኩም። ግን ባንክ አመሻሽ ላይ ይዘጋል፣ 15 ሜትር ፊት ከሰጠኸው ገበያው በሚሞቅበት ሰዓት ግማሹ ሕንፃህ ጨለማ ነው፣ የጎረቤቱንም ሱቅ ገበያ ይገድላል። መግቢያና ኤቲኤም ታች ስጠው፣ አዳራሹን አንደኛ ፎቅ አድርገው። ፓርኪንጉን ደግሞ ወደ ጓሮ ውሰደው።

ለወንድሞችህ ዘመናዊ ማለት ሰማያዊ መስታወት ብቻ እንዳልሆነ ዚምባብዌ ሃራሬ ያለውን ኢስትጌት የሚባል ሕንፃ አሳያቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፣ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ፣ ሱቅና ቢሮ አንድ ላይ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሕንፃዎች ሆነው መሃላቸው ከላይ በመስታወት የተሸፈነ መተላለፊያ አለ። ሐሳቡን ከምስጥ ኩይሳ ወስዶ አየሩ በግድግዳና በወለሉ ውስጥ እንዲዘዋወር አደረገ፣ የተለመደው ኤሲ የለውም፣ ዓለም ሁሉ ሄዶ የሚያጠናው ሕንፃ ነው። የናንተ መስታወት ግን ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ውስጥ ያለውን ሰው ይቀቅለዋል፣ ከዛ ኤሲ ግዙ ነው።

ባለ ዊልቸር፦
ስለ ደረጃው አንድ ነገር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ብሏል። ስድስት ደረጃ 90 ሴንቲ ከሆነ፣ በ1 ለ 12 ተዳፋት (1 ሴንቲ ከፍ ለማለት 12 ሴንቲ ርዝመት) ስትሠራው ወደ 11 ሜትር ራምፕ ይፈልጋል። ቦታ ሲያጡ ከኋላ በቆሻሻው በኩል ይሠሩልናል፣ ወይም ጭራሽ ለሞተር የሚሆን ቁልቁለት ይሠሩና ራምፕ ነው ይላሉ። እኔ ሰው በሚገባበት በር ነው መግባት የምፈልገው። እናትህም ነገ ጉልበቷን ሲያማት እኔን ታስታውሰኛለህ።

የሄርማታ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የቡቲክን ለወንድሞቼ አንብቤላቸው ትልቁ ወንድሜ ዝም አለ። አንድ ጥያቄ ግን፣ ባለሙያው ደረጃውን ያደረገው ለጎርፍ ነው ብሎኛል፣ ክረምት ላይ መንገዳችን ውሃ ይተኛበታል። እናታችንስ የት ትሁን?

አርክ፦
ጎርፉን 90 ሴንቲ በመውጣት ሳይሆን በቦይ ነው የምትይዘው። የበረንዳውን ወለል ከእግረኛ መንገዱ 15 ሴንቲ አንሳው፣ ወደ ውጪ ትንሽ ተዳፋት ስጠው፣ ጠርዙ ላይ ክዳኑ የሚነሳ ቦይ አድርግ፣ ራምፕህ 1 ሜትር ከ80 ብቻ ይሆናል። ግን መጀመሪያ ሐምሌ ላይ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ የጎረቤቶችህን ግድግዳ እይ፣ ምልክቱ አለ፣ ከ15 በላይ ከሆነ እንነጋገራለን።

እናትህን አናት ላይ አታውጣት። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰፊ ሰገነት ወደ መንገዱ፣ ታች የሚያልፈውን ሰው ፊቱን ለይታ ሰላም የምትልበት ከፍታ ነው። የመኖሪያው መግቢያና ደረጃ ከሱቆቹ የተለየ ይሁን፣ ሊፍቱም ከዛው ይነሳ። የምድሩን ፕላን ሲያስተካክልላችሁ እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።