አባቴን ሁሌ «አሜባ ነው» ይሉታል፤ ካንሰር ያመጣል እንዴ?

ማክዳ፦
ሰላም ናችሁ? አባቴ ጣና ዳር ነው ያደገው፤ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኝ፣ ዓሣ ሲያጠምድ። አሁን 60 አልፎታል። ሰገራው ላይ ደም ሲያይ ክሊኒክ ይሄዳል፣ «አሜባ ነው» ይሉታል፣ ሜትሮኒዳዞል ይዞ ይመለሳል። ትንሽ ሻል ይለውና ደሙ ተመልሶ ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ ከስቷል፣ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል። ወንድሜ ቲክቶክ ላይ የሆድ ትል ካንሰር ያመጣል የሚል ነገር አይቶ ቤቱን በጭንቀት ገደለው። እውነት ነው?

በዛወርቅ፦
የኔ እናት፣ ኮሶ አጠጪው። አባቶቻችን በምን ኖሩ?

የላብራቶሪው ልጅ፦
ኧረ እትዬ በዛወርቅ ይተዉ! ኮሶ ሲበዛ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ደግሞ ለደም አይደለም።

ማክዳ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በእርግጠኝነት ካንሰር ያመጣሉ ያላቸው ትሎች 3 ብቻ ናቸው። አንዱ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ቢልሃርዚያ ነው (ቢልሃርዚያ ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ ሲገቡ በቆዳ የሚገባ ትል ነው)፣ የፊኛ ካንሰር ያመጣል፤ እኛ አገር በአዋሽ ሸለቆና በኩርሙክ አካባቢ አለ። ሁለቱ እስያ ውስጥ ከጥሬ ዓሣ የሚያዙ የጉበት ትሎች ናቸው፤ እነሱም የሚነኩት የሐሞት ቱቦን እንጂ አንጀትን አይደለም። ከአንጀት ካንሰር ጋር ስሙ የሚነሳው ቻይና ውስጥ ያለው ቢልሃርዚያ ነው፣ እሱንም «ሊሆን ይችላል» ብለው ነው የመደቡት። የጣናው የአንጀት ቢልሃርዚያ ላይ በቂ ማስረጃ የለም። አንጀት ያቆስላል፣ ደም ያመጣል፣ አንዳንዴም እባጭ ያበቅላል። አሜባ፣ ጃርዲያና ወስፋት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ሄኖክ ጎንደር፦
ኤች ፓይሎሪስ (H. pylori)? እሱ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የላብራቶሪው ልጅ፦
እሱ ባክቴሪያ ነው፣ ጣጣውም ከጨጓራ ጋር ነው።

ሲስተር፦
እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታይ እውነተኛውን አሜባና ምንም የማይጎዳውን ዘመዱን መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ «አሜባ አለብህ» መባል ደሙ ከአሜባ ነው ማለት አይደለም፤ ሰውዬው አሜባም ካንሰርም አብረው ሊኖሩበት ይችላሉ። አጎቴን ኪንታሮት ነው እያሉ ሲመልሱት ከርመው ዕጢው የታየው ደም ማነሱ ከጠናበት በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜ ደምና ክሳት ከተደመሩ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ቀጭን ካሜራ አንጀትን ማየት) ሳይታይ በፍላጅል፣ በዚያው በሜትሮኒዳዞል፣ መመላለስ ይብቃ። ጎን ለጎን የቢልሃርዚያ እንቁላል ይፈለግ፤ ጥቂት ስለሚሆን በአንድ ናሙና ሊያመልጥ ይችላልና በተለያየ ቀን ይስጡ። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል በክብደት ተለክቶ ይሰጣል፣ ግን እሱን ውጦ «ዳንኩ» ብሎ እንዳይቀር።

ማክዳ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ኮሎኖስኮፒውን ግን አፍሯል፣ «በዚህ ዕድሜዬ?» ይላል።

ሲስተር፦
ማስታገሻ መርፌ እንደሚሰጥ ንገሪው፣ አብዛኛው ሰው ብዙም አይሰማውም። ከባዱ ዋዜማው ነው፣ ሆድ የሚያጸዳ ፈሳሽ ጠጥቶ ሽንት ቤት መመላለሱ። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ቆሎና ተልባ ያቁም፣ ፍሬው አንጀት ላይ እየቀረ ለሐኪሙ አያሳይም። ሪፈሩን ነገ አጽፉ።