አዳኝ እንስሳ የታዳኙን አካል የሚለውጠው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ዝግመተ ለውጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው «ሰስ ነብርን ስለምትፈራ ገደል ላይ የሚያስቆም ሰኮና አወጣች» ብለው ይጽፋሉ። ፍርሃት አካልን አይሠራም ብዬ ላስረዳ ስል ደግሞ አንዷ ተማሪ፣ አዳኝ ሲመጣበት በዚያው በዕድሜው የሰውነቱን ቅርጽ የሚለውጥ ዓሣ መኖሩን አንብባ መጣች። ሁለቱን ሳላምታታ እንዴት ላስረዳቸው? በዓይናቸው ከሚያዩአቸው የመንዝ እንስሳት ምሳሌ ብትጨምሩልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ምላሽ፦ ከደብረ ብርሃን

መምህር፣ ከሰስ ይጀምሩ። ሰሶች ሁሉ ልክ አንድ ዓይነት ሰኮና ይዘው አይወለዱም፤ በሰኮናዋ ጫፍ ቆማ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ በመዝለል ከሌሎቹ ጥቂት የተሻለችው፣ ነብር ሊከተላት ወደሚቸግረው ገደል ታመልጣለች፣ ትወልዳለች፣ ግልገሏም አፈጣጠሯን ይወርሳል፤ ያልቻለችው ግን ሳትወልድ ትበላለች። ይህ በእጅግ ብዙ ትውልድ ሲደጋገም የዘሩ ሁሉ ሰኮና ይለወጣል። ፍርሃቷ እንድትሸሽ ይረዳታል እንጂ በግልገሏ ሰኮና ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ለውጡ የግድ ሚሊዮን ዓመት የሚፈጅ እንዳይመስላቸው የትሪኒዳድን ጋፒ ይንገሯቸው። ይህች ትንሽ ዓሣ ትልልቅ አዳኝ ዓሣዎች ባሉበት ወንዝ ገና በትንሽነቷ ለመራባት ትደርሳለች፤ የዘገየች ሳትራባ የመበላት ዕድሏ ሰፊ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን ኤንድለር የተባሉ ተመራማሪ ከእነዚህ ጋፒዎች ወስደው ትልልቆቹ አዳኞች ወደሌሉበት ጅረት አዛወሩ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ ማለትም ከ30 እስከ 60 ትውልድ ካለፈ በኋላ፣ ዘሮቻቸው ዘግይተውና ገዝፈው ለመራባት የሚደርሱ ሆነው ተገኙ።

ምላሽ፦ ከአንኮበር

የተማሪዋ ጥያቄ ሊመሰገን ይገባዋል። ያነበበችው ስለ ክሩሺያን ካርፕ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ዓሣ በሚኖርበት ኩሬ ፓይክ የተባለ አዳኝ ዓሣ ሲገባ፣ ካርፑ ከፓይኩ ወደ ውኃው የሚወጣውን ኬሚካል ለይቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከጀርባው እስከ ሆዱ ያለው ስፋት ይጨምራል፤ ፓይክ የሚውጠው አፉ የቻለውን ያህል ብቻ ስለሆነ ጎነ ሰፊውን ካርፕ መዋጥ ይቸግረዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰውነት ሲዋኝ ውኃው ይገታዋል፤ ስለዚህ ፓይክ በሌለበት ካርፑ ቀጠን ብሎ ይኖራል። እዚህ ላይ የተለወጠው ያው አንዱ ዓሣ ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ግን ጠላትን ለይቶ ቅርጽን የመለወጥ ችሎታው ነው።

ምላሽ፦ ከሞላሌ

ለተማሪዎቹ ከሁሉም የሚቀርበው የበጋችን ዓይን ይመስለኛል። ብሌኑ አግድም የተዘረጋ ነው፤ ዓይኖቹም ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ቀበሮ በየትኛውም አቅጣጫ ምድር ለምድር ሲመጣ ለማየት ይመቸዋል። ለመጋጥ አንገቱን ሲደፋ ዓይኑ በጉድጓዱ ውስጥ ስለሚዞር ብሌኑ ከመሬቱ ጋር እንደ ተስተካከለ ይቆያል፤ ይህን ማንኛውም እረኛ ልጅ ቀርቦ ሊያየው ይችላል። ሰው በግን ካላመደ 10,000 ዓመት ያህል ቢሆነውም ይህ ዓይን አልጠፋም።

አጥብቄ የማሳስበው ግን፣ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በአዳኝ ማሳበብ ልክ አለመሆኑን ነው። የወንድ ጭላዳ ረጃጅም ክራንቻ ነብርን ለመመከት ቢጠቅምም በዋናነት የሚያያዘው ወንዶቹ በሴቶች ምክንያት ከሚያደርጉት ፉክክር ጋር ነው። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እዚያው በተደረገ ጥናት ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ከሞከረው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሆኖ የተሳካለት 25 በመቶው ነበር። እንግዲህ የቀይ ቀበሮን ጫና የሚሸከመው የአይጡ ዘር እንጂ የጭላዳው አይደለም።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የታየው ለውጥ በዘር የመጣ ይሁን በዕድሜ ውስጥ የተገኘ በምን ይለያል?

ከደብረ ብርሃን፦

አዳኝ ካለበትም ከሌለበትም ቦታ የመጡትን እንስሳት ልጆች፣ አዳኝ በሌለበት፣ በአንድ ዓይነት ውኃና ምግብ በማሳደግ ይለያል። ዴቪድ ሬዝኒክ የተባሉ ተመራማሪ ጋፒዎቹን በቤተ ሙከራ ለሁለት ትውልድ እንዲህ አሳድገው ልዩነቱ እንዳልጠፋ አሳይተዋል፤ ካርፕ ግን ወላጆቹ ጎነ ሰፊ ቢሆኑም እንኳ የፓይክ ምልክት በሌለበት ውኃ ካደገ ቀጠን ያለ ይሆናል።